ከጃፓን ያልተማርነው፦ ከወለቃ ጀበና እስከ ሩዝ ሳሕን

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ከምትገኘው ከወለቃ የገዛሁት ጥቁር ጀበና ነው። ሁለተኛው ከዓመታት በፊት ለአጭር የጥናት ቆይታ ጃፓን በሄድሁበት ጊዜ ከአንድ ተራ የዕቃ መደብር የገዛሁት፣ ሰማያዊ ሐረግ በእጅ የተሣለበት፣ ሩዝ የሚበላበት ጎድጓዳ ሳሕን ነው። ሁለቱም ለዕለት አገልግሎት እንጂ ለጌጥ አልተሠሩም። በሁለቱም ላይ የሠሪው ስም የለም። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ግን ሳሕኑን አንሥቶ እያገላበጠ ያደንቃል፤ ጀበናውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔም ብሆን የሳሕኑን ዋጋ ያለ አንዳች ክርክር ከፍዬ፣ ወለቃ ላይ ግን ለጀበናው ጥቂት ብር ለማስቀነስ ከሻጯ ጋር እንደተከራከርሁ አስታውሳለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከማንም አስቀድሞ ራሴን የሚወቅስ ነው።

የአያቴ ደጃፍ

በ1981 ዓ.ም. የ9 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጎንደር ውስጥ ወዳደግሁበት ሰፈር አንዲት ሸክላ ሠሪ ከወለቃ ጀበና፣ ድስትና ምጣድ ተሸክማ በየጊዜው ትመጣ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆማ «ቤቶች!» ትላለች። አያቴ ትወጣና ዕቃውን በጣቷ እየቆረቆረች ድምፁን ታዳምጣለች፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ አይጠራምና። በዋጋ ከተስማሙ ገንዘቡን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥላታለች እንጂ በእጇ አትሰጣትም። ሴትዮዋም ብትሆን ከእጅ መቀበል አትሻም ነበር፤ ቤተ እስራኤሎች ከሌላው ሰው ጋር መነካካትን የሚከለክል የራሳቸው የንጽሕና ሥርዐት ነበራቸው። ልዩነቱ የእነርሱ መራቅ ሃይማኖታቸውን የሚጠብቅ ሲሆን፣ የእኛ መራቅ ስማቸውን የሚያጠፋ መሆኑ ነው። እኛ ልጆቹ እሷ ስትመጣ ወደ ቤት እንድንገባ እንታዘዝ ነበር። ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች ተብለናል። ከአጥር ጀርባ ተሸሽገን «ካይላ!» እያልን ከጮኽነው ልጆች አንዱ እኔ ነበርሁ።

አያቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ቡናዋ ግን በዚያች ሴት ጀበና ካልፈላ አይጥማትም ነበር። አዲስ ጀበና በገባ ጊዜ በጥንቃቄ ታሟሻለች፤ ካሟሸች በኋላ ሌላ ሰው እንዲያነሣው እንኳ አትፈቅድም። የሴትዮዋን የእጅ ሥራ በየቀኑ እየተገለገለችበት እጇን መንካት ግን ትጸየፍ ነበር። ይህ ቅራኔ የአያቴ ብቻ አልነበረም፤ የአገሬው ሁሉ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሴትዮዋ መምጣት አቆመች። አያቴ «ያቺ ሸክላ ሠሪ ምን ነካት?» ብላ ስትጠይቅ፣ አንዲት ጎረቤት «ወደ እስራኤል ሄደዋል አሉ» አለቻት። ይህን ያህል ዘመን ደጃፋችን ስትመላለስ ስሟን ማናችንም ጠይቀን እንደማናውቅ የተገነዘብሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ርስት ያጣ እጅ

ለመሆኑ ሸክላ መሥራት እንዴት የአንድ ማኅበረሰብ ዕጣ ሆነ? ብዙዎቻችን ነገሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለናል። ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ የክርስትናን ጥምቀት ያልተቀበለ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ዐወጀ። «ፈላሻ» የሚለውም ስም ከዚህ ርስት አልባነትና ፈላሲነት ጋር ተያይዞ ይተረጐማል። በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ የሰሜን ቤተ እስራኤሎችን የፖለቲካ ነጻነት በጦር ሰበረው። በአገራችን ርስት ማለት እንጀራ ብቻ ሳይሆን ክብርም፣ ስምም፣ ዘርም ነበር። ርስት ያጣ ሰው በጢሰኝነት ከማረስ ሌላ የቀረው በእጁ ሠርቶ መብላት ነው። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷ ጭቃ አቦካች። ስለዚህ የተናቁት ሸክላ ስለሠሩ አይደለም፤ መሬት ስለተነጠቁ ሸክላ ሠሩ፣ ሸክላ ስለሠሩም ደግሞ ተናቁ።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ ባደረገ ጊዜ አዲሲቱ ከተማ ግንበኛ፣ አናጺና ብረት ሠሪ አስፈለጋት። የቤተ እስራኤልን ታሪክ ያጠኑት ጄምስ ኩዊሪን እንደሚያስረዱት፣ ከማኅበረሰቡ ብዙዎች በነገሥታቱ ዘመን በግንባታና በውትድርና አገልግለው ሹመትም መሬትም ያገኙ ነበሩ። ዘመነ መሳፍንት ሲመጣና የግንብ ሥራው ሲቆም ግን ያ ክብር አብሮ ረገፈ፤ የቀረላቸው ማረሻውና ጀበናው፣ ከእነርሱም ጋር የቡዳነቱ ሐሜት ነው። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ድንጋዩ ተመዘገበ፤ ድንጋዩን የጠረቡት እጆች ዘር ግን በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ ዳርቻ «ቡዳ» እየተባለ ይኖር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ እንበል። የእጅ ባለሙያን የምንሰድብበት «ጠይብ» የሚለው ቃል ሥሩ ከግእዙ «ጠቢብ» ጋር አንድ ነው። ጥበበኛ የሚል ማዕርግ በእኛ አፍ ወደ ስድብ ተለወጠ። ዐፄ ምኒልክ ይህን ነቀርሳ ዐይተውት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው የሚሰድብ ሰው አገር እንደሚያጠፋ ገልጸው ከለከሉ። ዐዋጁ ለዘመኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም ስድብን ከለከለ እንጂ መሬትን አልሰጠም፤ የእጅ ሥራን ዋጋ የሚያሳድግ ተቋምም አላቆመም። የቤተ እስራኤል አባላት በሕግ የመሬት ተጠቃሚ የመሆን መብት ያገኙት የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ዐዋጁ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ስደቱ ተጀመረ።

የሩዝ ሳሕኑ ታሪክ

አሁን ወደ ሁለተኛው ዕቃ ልሻገር። ጎንደርና ጃፓን እኛ እንደምናስበው ፈጽሞ የማይተዋወቁ አልነበሩም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሖጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ከጎንደር ነገሥታት ተልኮ የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወደሚገዛት ባታቪያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ጃካርታ፣ ተመላልሷል። ኢዮብ ሉዶልፍ በጻፈው ታሪክ እንደምናነበው፣ ከኢትዮጵያ ለባታቪያው ገዥ በስጦታ የተላኩ የሜዳ አህዮች ወደ ጃፓን ተሸጋግረው፣ በምላሹ ብዙ ብርና 30 የጃፓን ካባዎች ለኩባንያው ተሰጥተዋል። በዚያው ዘመን ያው ኩባንያ የጃፓን ፖርሴሊን ይነግድ ነበር፤ በ1659 እ.ኤ.አ. ካዘዘው ዕቃ ከ50 ሺህ በላይ የሚሆነው ከእኛ ባሕር ማዶ ለምትገኘው ለሞካ ወደብ የታሰበ ነበር። ዛሬ በየቤታችን ረከቦት ላይ የምንደረድረው «ሲኒ» ስሙ የመጣው «የቻይና» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ጥቁሩ ጀበና የወለቃ፣ ነጩ ሲኒ የሩቅ ምሥራቅ መታሰቢያ ሆነው በአንድ ረከቦት ላይ ሲገናኙ ኖረዋል።

የጃፓን ፖርሴሊን ታሪክ ግን በክብር አይጀምርም፤ በምርኮ ይጀምራል። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ከ1592 እስከ 1598 እ.ኤ.አ. ኮርያን በወረረ ጊዜ የጃፓን መሳፍንት ብዙ ኮርያውያን ሸክላ ሠሪዎችን ማርከው ወሰዱ። ከእነርሱ አንዱ ዪ ሳም ፕዮንግ በ1616 እ.ኤ.አ. ገደማ አሪታ በምትባል ቦታ ለፖርሴሊን የሚሆነውን ነጭ ድንጋይ እንዳገኘ ይነገራል። ምርኮኛው ሸክላ ሠሪ ዛሬ በአሪታ ቤተ መቅደስ እንደ ጠባቂ መንፈስ ይከበራል፤ በኮረብታው ላይም ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐውልት ቆሞለታል። አገሩን ተነጥቆ፣ ርስት አልባ ሆኖ፣ በእጁ ጭቃ ይዞ የመጣ ባዕድ! በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ ቡዳ በተባለ ነበር።

ከአሪታ አጠገብ ሃሳሚ የምትባል ሌላ የሸክላ መንደር አለች። አሪታ ለመሳፍንትና ለውጭ ገበያ ያማረውን ስትሠራ፣ ሃሳሚ ለተራው ሕዝብ ርካሽ የሩዝ ሳሕን ትሠራ ነበር። ከተራራው ሥር እስከ ወገቡ በደረጃ የሚወጡ፣ ርዝመታቸው ከ100 ሜትር የሚያልፍ ምድጃዎች ነበሯቸው፤ በአንድ ጊዜ እሳት እጅግ ብዙ ሳሕን ይተኮሳል። አንዱ ያቦካል፣ አንዱ በመንኰራኵር ቅርጽ ያወጣል፣ ሌላው በብሩሽ ሐረጉን ይሥላል። ሠዓሊው በቀን ብዙ ሳሕን ስለሚሥል እጁ ይፈጥናል፤ ከዚያ ፍጥነት የተነሣ ሐረጉ እንደ ፊርማ የለቀቀ ይሆናል። ውበቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። እንዲህ ሆኖ በእጅ የተሣለ ፖርሴሊን ከመኳንንት ገበታ ወርዶ የገበሬና የጀልባ መንገደኛ ዕቃ ሆነ። በጃፓን ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሩዝ ሳሕን አለው፤ አባት የልጁን፣ ልጅ የእናቱን አያነሣም። እኛ «እንጀራ» ስንል መተዳደሪያችንን ጭምር እንደምንለው ሁሉ፣ እነርሱም «ጎሃን» ሲሉ የበሰለ ሩዝም ማዕድም ማለታቸው ነው። ሳሕኑን ያከበሩት ማዕዱን ስላከበሩ ነው።

ክብሩ ግን በራሱ ጸንቶ አልቆየም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፋብሪካ ሲስፋፋ የእጅ ሥራ በጃፓንም ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1925 እ.ኤ.አ. ያናጊ ሶኤትሱ የተባለ ምሁር ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሃማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር ሆኖ «ሚንጌ»፣ ማለትም የሕዝብ ጥበብ፣ የሚል ሐሳብ አቀረበ። እውነተኛው ውበት ያለው ስሙ ያልታወቀ ሠራተኛ ለዕለት ኑሮ በሠራው ዕቃ ላይ ነው አለ። በ1936 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ የእነዚህ ዕቃዎች ሙዚየም ተከፈተ። በ1950 እ.ኤ.አ. የባህል ሀብት ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ በ1955 እ.ኤ.አ. በሕዝቡ ዘንድ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» የሚባለው ማዕርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ሃማዳ ሾጂ ከተቀበሉት አንዱ ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባህላዊ የዕደ ጥበብ ኢንዱስትሪዎችን የሚደግፍ ሕግ ተጨመረ። ልብ በሉ፤ ሐሳብ፣ ሙዚየም፣ ሕግ፣ ገበያ፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

ጃፓንን እንደ መልአክ ላቀርብ አልሻም። ቆዳ በመፋቅና እርድ በመሳሰለው ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ወገኖቿን ለዘመናት እንደ ርኩስ ቆጥራ አግልላለች። በ1871 እ.ኤ.አ. በዐዋጅ እኩል ብታደርጋቸውም፣ እንደ እኛው የ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ፣ ቃሉ ብቻውን ንቀቱን አላጠፋውም። ሥራን የማክበር ጠባይ ከአንድ ሕዝብ ደም የሚመነጭ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ያው ሕዝብ ሸክላ ሠሪውን አከበረ፣ ፋቂውን ናቀ። ሸክላ ሠሪው የተከበረው ክብሩን የሚሸከም ሥርዐት ስለተገነባለት ነው።

ጃፓንን ያየንበት መነጽር

እኛ ደግሞ ጃፓንን ከመቶ ዓመት ያላነሰ ዘመን ስንመለከታት ኖረናል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓንን ሕገ መንግሥት አብነት አድርገዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 እ.ኤ.አ. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጠይቀዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥት የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትን አቋቁሞ የጃፓንን የፋብሪካ አሠራር ማስተማር ጀመረ።

ከሁሉም የተረዳነው ዙፋኑን፣ ፋብሪካውንና ሠራዊቱን ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ አገራችን ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛው የጃፓን ነበር፤ ስለ ጃፓን ብርሃን የሚጽፈው ምሁር የጃፓን ጨርቅ የገዛ ሸማኔውን ገበያ እየዘጋ መሆኑን አላስተዋለም። ካይዘንም ቢሆን ትልቁ ምሥጢሩ በሥራው ላይ የቆመውን ሰው እጅና አስተያየት ማክበር ነው። እኛ ሥልጠናውን ወስደን፣ ቻርቱን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ «ጠይብ» የሚለውን ስድብ በአፋችን እንደያዝን ቀረን። የሠለጠነችውን ጃፓን ፍለጋ ቶኪዮ ድረስ ሄድን፤ የሩዝ ሳሕኑን ግን በልተንበት አስቀመጥነው እንጂ አገላብጠን አላየነውም።

ወለቃ ዛሬ

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በተደረገው የሙሴ ዘመቻ 8 ሺህ ያህል ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጡ። የሄዱት በሃይማኖት ናፍቆት ነው፤ በረኀብና በጦርነትም ነው። ነገር ግን ለመሄድ የሚከብድ ርስትና የሚያስቀር ወዳጅነት ብንሰጣቸው ኖሮ ስንብቱ እንዲያ የቀለለ ይሆን ነበር? የእስራኤልም ኑሮ ያለ መገለል አልሆነላቸውም፤ ያ ግን የእኛን ዕዳ አይሰርዝልንም።

ወለቃ ስትደርሱ መንገዱ ዳር «የፈላሻ መንደር» የሚል ማስታወቂያና የዳዊት ኮከብ ታያላችሁ። ትንንሽ የሸክላ አንበሶች፣ በአንድ አልጋ የተኙ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በረድፍ ተደርድረዋል። እነዚህ ቅርጾች የውጭ ጎብኚ ከበዛ ወዲህ የተስፋፉ ናቸው። የሚሠሩትም በአብዛኛው ሙያውን ከሄዱት የተማሩ ወይም ዐይተው የቀሰሙ ሌሎች የአካባቢው ሴቶች ናቸው። ፕላውሼር የተባለው የሴቶች የዕደ ጥበብ ማሠልጠኛም ሙያው እንዳይጠፋ ጥሯል። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ከተፈጨ ገል ጋር ይቦካል፤ ያለ መንኰራኵር በእጅ ብቻ ይሠራል፤ በድንጋይ ይለሰልሳል፤ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያም በእንጨትና በኩበት እሳት ሜዳ ላይ ይተኮሳል። የሜዳ እሳት ከምድጃ እሳት ኀይሉ ስላነሰ ዕቃው እንደ ጃፓኑ ሳሕን አይጠነክርም፤ ለዚህም ነው ከሠሪዋ ድካም አንጻር ዋጋው የሚያንሰው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወረርሽኙና ተከታታዩ ጦርነት ጎብኚውን ባራቁት ጊዜ፣ ከጎብኚ ውጭ ገዥ የሌለው ሙያ ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ እንደተንጠለጠለ ታየ። ባለፈው ጊዜ ያነጋገርኋት አንዲት ሸክላ ሠሪ «መምህር፣ አንበሳውን ፈረንጅ ነው የሚገዛው፤ እናንተ ጀበናውን ብትገዙን እኮ ይበቃን ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አዲስ አበባ ያለው የተማረ ሰው ሸክላን የድሮ ዘመን ዕቃ አድርጎ ያስባል። ነገር ግን በየኩሽናው ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ሽቦው ይለይ እንጂ ሰሌዳው ሸክላ ነው። እንጀራችን ዛሬም ዓይን የሚያወጣው በሸክላ ላይ ነው። አገር በሙሉ በሸክላ ሠሪ እጅ ላይ ጋግሮ እየበላ ሸክላ ሠሪን መናቅ ምን ይባላል?

ያናጊ ስለ ስም አልባው ሠራተኛ ሲጽፍ ስም አልባነትን እንደ ትሕትና አድርጎ አክብሮታል። የእኛ ስም አልባነት ግን ከዚያ የተለየ ነው። የጃፓኑ ሠዓሊ ስሙን ያልጻፈው ዕቃው እንዲናገርለት ነው፤ የወለቃዋን ሴት ስም ያጠፋነው እኛ ነን። ስለዚህ ከጃፓን እንማር ካልን ከዚህ እንጀምር፦ ሠሪዋ ስሟን ከዕቃዋ ሥር ትጻፍ፤ ሙያው በትምህርት ቤት ይሰጥ፤ ለምድጃ የሚሆን ብድር ይገኝ፤ በከተማችን ሙዚየም ከነገሥታቱ ዙፋን ጎን ጀበናው ከነታሪኩ ይቀመጥ። ይህን ለማድረግ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም።

ሌላም ትምህርት አለ፤ እርሱ ለዛሬው ፖለቲካችን ነው። የወለቃ ታሪክ የሚጀምረው «ይህ መሬት የአንተ አይደለም» በሚል ዐዋጅ ነው፤ የሚፈጸመውም በባዶ ጎጆ ነው። ሰውን በትውልዱ ከመሬቱ እንነቅላለን፤ ነቅለን ስናበቃ ለመኖር በያዘው ሥራ እንሰድበዋለን፤ ሲሄድ ደግሞ ሙያው ጠፋ ብለን እናዝናለን። ይህን ዑደት ዛሬ በሌላ ስምና በሌላ ክልል የማያይ ዓይን ካለ፣ ቡዳ የሚባለው ዓይን እርሱ ነው።

አያቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ዕቃዋ ሲከፋፈል እኔ የመረጥሁት አንድ የተሰበረ የጀበና አንገት ነው፤ ለካ ሳትጥለው በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣው ኖሯል። ከሠሪዋ ስም በቀር ሁሉ ነገር አለው። ዛሬ ከጃፓኑ ሳሕን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።